ሊቀ ንብና የልብስ ሰፊዋ ቀፎ

«ይሄማ ቀላል ነው» ባይ የሌለበት ሰፈር የለም። ሥራ ስትጀምር ይሸተዋል፤ ስታበላሽ ይመክርሃል፤ እሱ ሲያበላሽ ግን ጥፋቱ የመሣሪያው ነው። የልብስ ሰፊዋ ጎረቤት፣ ጡረተኛው መምህር፣ ከእነዚህ ወገን ናቸው። ቧንቧ ሊጠግኑ ገብተው ሳሎን ካጥለቀለቁ ወዲህ ሰፈሩ «ሊቀ ውኃ» ብሏቸው ነበር፤ ዘንድሮ ማዕረጋቸው ወደ «ሊቀ ንብ» ከፍ ብሏል።

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗ እየደከመ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቷታል። ተስፋዋን ንብ ላይ ጥላ የቀፎ ጣውላዎቿን በረንዳ ላይ ስትዘረጋ መምህሩ ከተፍ አሉ።

«መዶሻውን ወዲህ በይ።»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ኮላ ይቀባል። ጥጉም ይለካል።»

«ዓይኔ ለምን ተፈጠረ?»

ዓይናቸው የለካው ሳጥን መሬት ሲነካ እንደ አንካሳ ወንበር ተንገዳገደ። እሳቸው ለምሳ ሲሄዱ ምስማሩን ነቅላ፣ ጥጉን አቃንታ እንደገና መታችው። ተመልሰው አዩትና «አላልኩሽም?» አሉ።

ንቦቹ ገብተው ብርዱ ሲመጣ ደግሞ መምህሩ ባሰባቸው። እሷ ገበያ በሄደችበት፣ ከክዳኑ ሥር ያለውን መተንፈሻ ቀዳዳ በጨርቅ ጠቀጠቁት። «አሁን ሞቃቸው» ብለው በየደጁ አወሩ።

ፀሐይ የወጣ ቀን ክዳኑን ብታነሳው፣ ከእሳት እንደወረደ ድስት ክዳን ውኃ አዝሏል። የዳር ፍሬሞቹ ሻግተዋል። ወለሉ ላይ ንብ ረግፏል።

«ጋሼ፣ ብርዱንስ ተቃቅፈው ይችሉታል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የሚገድላቸው የገዛ ትንፋሻቸው ውኃ ሆኖ ሲንጠባጠብባቸው ነው።»

ሊቀ ንብ ጎንበስ ብለው የረገፉትን ንቦች አዩ። እሷ ጨርቁን አወጣች፤ እርጥበቱን እንዲመጥ ሰጋቱራ የሞላ ከረጢት ከክዳኑ ሥር አነጠፈች፤ ውኃው በመግቢያው እንዲወርድም ቀፎውን ትንሽ ወደ ፊት አዘነበለችው። መምህሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፃቸው ጠፋ። ሰፈሩም እፎይ አለ፤ እሷ ግን መዶሻ ባነሳች ቁጥር ወደ በሩ መመልከት ጀመረች።

አንድ ከሰዓት፣ ልብስ ልታደርስ በሄደችበት፣ አውሎ ነፋስ ከዝናብ ጋር ተነሳ። እየሮጠች ተመለሰች። ክዳኑ በርሮ አጥር ሥር ወድቋል። መምህሩ ካፖርታቸውን ቀፎው ላይ አልብሰው፣ በሆዳቸው ተደፍተው፣ ሳጥኑን በሁለት እጃቸው አቅፈውታል። ዝናቡ ጀርባቸውን ይገርፋል፤ አንድ ዓይናቸው አብጦ ተከድኗል።

«ይነሱ ጋሼ፣ ክዳኑን ይዣለሁ።»

«ቆይ፣ ውኃ እንዳይገባባቸው» አሉ ባበጠ ከንፈራቸው። «ካፖርቱን በየት በኩል ላንሳው? እኔ አላውቅም።»

ይህን ቃል ከአፋቸው ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። አሳየቻቸው፤ አብረው ከደኑት። ከዚያ በረንዳ ላይ አስቀምጣ፣ ዓይኗን አጥብባ፣ የንቦቹን መንደፊያ ካንገታቸው ላይ በጥፍሯ እየጫረች አወጣችላቸው።

ያበጠ ፊታቸውን አይቶ ለጠየቃት ሁሉ፣ «ቀፎዬን ሲያድኑልኝ ነው» ትላለች። ጨርቁ ስላደረሰው ጥፋት ለማንም ትንፍሽ አላለችም።