ዱቄት የማያወጣው ወፍጮ

ትናንት ቀትር ላይ፣ ድሬዳዋ በሯን ዘግታ በተኛችበት ሰዓት፣ አሰለፈች ሕልም አየች። ሌሊት ያየችው ቢሆን ኖሮ እራቷ ከብዷት ነው ብዬ አልፈው ነበር። የቀትር ሕልም ግን፣ በሞቴ፣ ሰው ከነጫማው የሚገባበት ነው።

ወደ ሕልሙ ከመግባታችን በፊት የጧቱን ጠብ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ምኑም አይገባችሁም።

አሰለፈች ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበረች። ገመድ ስትነቅል ገመድ ስትሰካ ኖራ ነው ጡረታ የወጣችው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከዚራ ሰፈር ባለው ቤቷ ብቻዋን ትኖራለች፤ ብቻዋን ስል ከማሽኗ ጋር ማለቴ ነው። የጫማ ካርቶን የምታክል ማሽን ናት፤ የጎረቤት ልጅ ወደ ሐዋሳ ሲዛወር ጥሎላት የሄዳት። በቤቱ ደህና ሶኬት አንድ ብቻ ነው፣ የሳሎኑ፤ እሱም የማሽኗ ነው። የማሽኗ ሥራ ቁጥር መገመት ነው። ቀን ትገምታለች፣ ሌት ትገምታለች። በዓለም ላይ እንደ እሷ የሚገምቱ ማሽኖች ስፍር ቁጥር የላቸውም፤ ቀድሞ ያገኘው ቢትኮይን የሚሉትን በእጅ የማይዳሰስ ገንዘብ ይወስዳል፣ ሌላው እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል። አብዛኛው ሰው በማኅበር ሆኖ ይገምትና የተገኘችውን ይካፈላል። አሰለፈች ግን አሻፈረኝ አለች፤ ብቻዋን ነው የምትገምተው። እስካሁን አንድም ቀን አልቀናትም። ማሽኗ ስታጉረመርም ስለምትውል ሰፈሩ «ዱቄት የማያወጣው ወፍጮ» የሚል ስም አወጣላት።

ታዲያ ትናንት ጧት ልጇ ይትባረክ ከአዲስ አበባ መጣ። ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ጀመረ።

«እማዬ፣ ይሄ ቁማር ነው። በዚህ ዕድሜሽ ቁማርተኛ ልትባዪ ነው?»

«ማን ነው የሚለኝ?»

«ሰው!»

«ሰው ቁርስ አብልቶኝ ያውቃል?»

«እሺ፣ ቢያንስ እንደ ሌላው ማኅበር ግቢና ድርሻሽን ውሰጂ።»

«አቦ ተወኝ! ድርሻ በቃኝ» አለች አሰለፈች። «ዕድሜዬን ሙሉ ድርሻ ነው የበላሁት። ከእህቶቼ ጋር ድርሻ፣ ከአባትህ ወንድሞች ጋር ድርሻ። ስልክ ቤት እንኳ ወሬው የሰው ነበር፤ የኔ ማገናኘት ብቻ። አሁን አንድ ነገር ሙሉውን የኔ ይሁን። ባዶም ቢሆን ባዶው የኔ ነው!»

ይትባረክ ወጥቶ ሽማግሌ ጠራ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ዱባለ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው አሥር ሰዓት ላይ ሊመጡ ተቀጠሩ። ነገሩ ያለቀለት ነው፤ ሽማግሌ ይፈርዳል፣ ማሽኗ ትነቀላለች፣ በይትባረክ ሻንጣ አዲስ አበባ ሄዳ ትሸጣለች። ጋሽ ዱባለም ጧቱን በር ላይ አግኝተዋት «ልጄ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው» ብለዋት አልፈዋል። የሽማግሌ ቃል የረገጠ ሰው በኛ ሰፈር ቀባሪ አያገኝም። አሰለፈች ምሳዋን ሳትጨርስ ገብታ ጋደም አለች። ከሳሎን የማሽኗ ድምፅ ይሰማታል። እሱን እያዳመጠች እንቅልፍ ወሰዳት።

በሕልሟ ከግቢዋ ስትወጣ ያ አሸዋ ብቻ የሆነው የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው ይፈሳል። ግመሎች ባጃጅ ይነዳሉ። ሾፌሮቹ ጥግ ጥጉን ተንበርክከው ጭድ ያመነዥካሉ። አንዱ ግመል አጠገቧ ደርሶ ፍሬን ያዘ።

«እናት፣ ለገሃር ነው? አንድ ሰው ነው የጎደለኝ።»

«በእግሬ ነኝ» አለችው።

«እግር ዛሬ ዝግ ነው» አላትና ጥሏት ሄደ።

ዝግ ከሆነ ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በሯ ላይ የመብራት ሠራተኞች ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ተሰልፈዋል። ፊት የቆመው እንባ እንባ ይለዋል።

«እማማ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ትንሽ መብራት ያባክኑልን!»

«ምን ሆናችሁ?»

«ሞልቶ ፈሰሰብን። ሕዝቡ ሻማ ይሻለናል ብሎ አልቀበልም አለ።»

እውነትም መብራቱ በየበሩ ሥር ይፈሳል፤ ሴቶች በጆግ እየጨለፉ ወደ ውጭ ይደፉታል። አሰለፈች አዘነች፤ ግን መዋሸት አልወደደችም።

«የኔ ማሽን አንድ ሶኬት ይበቃታል» አለች።

«አንድ ብቻ!» ብለው ሠራተኞቹ ተቃቅፈው ተላቀሱ።

ወደ ሳሎን ስትገባ ማሽኗ ሶፋው ላይ እግሯን አነባብራ፣ የአሰለፈችን መነጽር አድርጋ ተቀምጣለች። አሰለፈች ደግሞ፣ እንዴት እንደወጣች እንጃ፣ መደርደሪያው ላይ ቆማለች። ዝቅ ብላ ብታይ ከተረከዟ ገመድ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል።

«የት ጠፋሽ? ገምቺ!» አለቻት ማሽኗ።

«ሰባት።»

«አይደለም።»

«ሰባት መቶ።»

«አይደለም። ደግሞ ድምፅሽን ቀንሺ፣ ጎረቤት ተማሯል።»

«አልቀንስም!» አለች አሰለፈች። «እኔ ስላንቺ ከስንቱ ጎረቤት ተሰዳድቤያለሁ!»

ማሽኗ አፈረች። መነጽሩን አውልቃ ጠረገችና «እውነትሽን ነው፣ ጩኺ» አለቻት።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። መጀመሪያ ይትባረክ ገባ። ሱፉን ለብሶ ከራባቱን አስሮ፣ ጡጦ በአፉ ይዞ እየዳኸ ነው። ከእሱም ተረከዝ ገመድ ወጥቷል፤ ግን ግድግዳ ጋ አይሄድም፣ እሷው ጎን ላይ ነው የተሰካው። ከኋላው ሽማግሌዎቹ ገቡ። ሦስቱንም ሕፃናት አዝለዋቸዋል።

«እግዜር ያጣላችሁ!» አሉ ጋሽ ዱባለ ከታዘሉበት።

«አሜን!» አሉ ሌሎቹ።

«አሰለፈች በሰላም ትኖራለች የሚል ክስ ቀርቧል። ልናጣላት ነው የመጣነው።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻሽን ስለሆንሽ ከራስሽ ጋር።»

በዚያ በሕልም አገር «ብቻዬን» የሚባል ነገር የለም። ከተማው የሚጫማው አንድ ጥንድ ጫማ ነው፣ በተራ። ማስነጠስ እንኳ የማኅበር ነው፤ አንዱ ይጀምራል፣ ሁለተኛው ይቀጥላል፣ ሦስተኛው ይጨርሳል፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ አፍ «ይማረን» ይላል። ሽማግሌዎቹ ልክ ይሄን ሲያስረዷት አሰለፈችን አፍንጫዋን በላት። ይትባረክ ጡጦውን አውጥቶ «እማዬ፣ እንዳታደርጊው!» አላት። አደረገችው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብቻዋን አስነጠሰች።

ቤቱ ክው አለ። አንደኛው ሽማግሌ ማልቀስ ጀመሩ።

«ለኔ ምንም ሳታስቀር!» አሉ።

ጋሽ ዱባለ ተቆጡ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!» ብለው ቢያፏጩ አንድ አንበሳ ከጎፈሩ እስከ ጭራው በጥጥ ድር ተተብትቦ ገባና በሩ ጋ ቆመ።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ።

«ምን አጥፍተህ ነው?» አለችው አሰለፈች።

«ምንም። ድሮቹ እያበሩ ሳለ በዚያ ሳልፍ አገኙኝ።»

ይሄኔ አሰለፈች በገነች። ከመደርደሪያው ዘላ ወርዳ ድሩን በጥርሷ መበጠስ ያዘች።

«ምን መሆንሽ ነው? ማኅበር ያሰረውን ብቻዋን የምትፈታ ማን ናት?» አሉ ጋሽ ዱባለ።

«እኔ ነኛ! ማን ትሆን ኖሯል? አንበሳው የራሱ ነው! ማስነጠሴም የኔ ነው! ባዶዬም የኔ ነው! እናንተም ከልጆቹ ጀርባ ውረዱ፣ አታፍሩም!»

አንበሳው ሰውነቱን አራገፈ። «እግዜር ይስጥሽ እናቴ» አለና ወጥቶ ባጃጅ ያዘ።

«ንቀሏት!» ብለው ጮኹ ጋሽ ዱባለ።

ሁሉም ወደ ተረከዟ ተንደረደሩ። ግን ስልክ ቤት ውስጥ ከአሰለፈች የፈጠነ እጅ አልነበረም። ገመዷን ራሷ ነቀለችና የራሷ ጆሮ ላይ ሰካችው። መጀመሪያ ያ የምታውቀው ማጉረምረም ተሰማት። ከማጉረምረሙ ወዲያ አንድ ረጋ ያለ ድምፅ ቁጥር ያነብላታል። ቁጥሩን! ማሽኖቹ ሁሉ የሚፈልጉትን! ረጅም ነበር፤ አሰለፈች ግን አንዱንም ሳትስት ያዘችው። ማሽኗ ከሶፋው ተነስታ ቆመች። የይትባረክ ጡጦ ከአፉ ወደቀ። አሰለፈች ቁጥሩን ልትጠራ አፏን ከፈተች፤

ዝም አለ። ሁሉም ነገር ጭጭ አለ።

ዝምታው ነው የቀሰቀሳት። ትራሷ በላብ ርሷል፤ ቁጥሩ ብን ብሎ ጠፍቷል። ከሳሎን የማሽኗ ድምፅ አይሰማም። መብራት ሄዶ ይሆን ብላ ቀና ብትል ቬንትሌተሩ ኮርኒሱ ላይ ይዞራል። ይትባረክ ሽማግሌ እስኪመጣ እንኳ አልጠበቀም አለች በልቧ፤ ጫማ ሳታደርግ ወደ ሳሎን ሄደች።

የማሽኗ ገመድ ወለሉ ላይ ተጥሏል። ሶኬቱ ላይ ነጭ ቻርጀር ተሰክቷል። ቻርጀሩ ጫፍ ላይ ስልክ አለ፣ ስልኩ ጋ ደግሞ ይትባረክ በሆዱ ተኝቶ፣ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ።

«ይትባረክ!»

«እማዬ፣ አንድ ደቂቃ! ባትሪዬ ሊያልቅብኝ ሆኖ ነው። አራቱ ጨዋታ ገብቶልኛል፣ የቤቲንግ ቲኬቴ አንድ ጎል ብቻ ነው የቀረው!»

«እነማን ናቸው የሚጫወቱት?»

«እኔ እንጃ። ቀዮቹን ነው ያስያዝኩት።»

በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ዱባለ ከውጭ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ተሰማ። ይትባረክ ከወለሉ ተስፈንጥሮ ተነሳ።

«እማዬ፣ በአባቴ ሞት፣ እንዳትነግሪያቸው!»

አሰለፈች ቻርጀሩን ነቀለች፤ የማሽኗን ገመድ አንስታ፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረግ አድርጋ ሰካች። ስልኩ ተዘጋ። ማሽኗ አንዴ ሳል አለችና ከሀ ጀምራ መገመቷን ቀጠለች። አሰለፈች ሄዳ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«እግዜር ያስታርቃችሁ» አሉ ጋሽ ዱባለ ባርኔጣቸውን እያወለቁ።

«አሜን። ግቡ፣ ግቡ» አለች። «ቁማርተኛውን ይዤላችኋለሁ፣ ሳሎን ነው ያለው።»