ሽማግሌዎቹ ያልደረሱበት ፎቶ

እኛ አገር ክብደት የማይወደድበት ነገር ጥቂት ነው። ብርድ ልብስ ስንገዛ በእጃችን አንስተን እንመዝናለን፣ ሐብሐብ ስንገዛ እንደዚያው። ሰው ስናመሰግን እንኳ «ቀላል ሰው እንዳይመስልህ» እንላለን። ታዲያ በዚህ ባህል ያደግሁ የአዳማ ሠርግ ፎቶ አንሺ፣ ፎቶዬ ከባድ በመሆኑ ብኮራ ምን ይፈረድብኛል?

ስኮራ ደግሞ ደህና አድርጌ ነው። በዚህ በእኛ ፀሐይ ሙሽራን እኩለ ቀን ላይ አቁሞ፣ ነጭ ቀሚሷ በብርሃን ሳይጠፋ ፊቷም ሳይጠቁር የሚያነሳ ካለ ይምጣና እንተያይ። የእኔን ፎቶ አጉልታችሁ ብታዩት በሙሽራዋ ዓይን ብሌን ውስጥ እኔው ራሴ ካሜራዬን ይዤ ቆሜ ታገኙኛላችሁ።

ሥራዬን ለዓለም የማሳይበትን ድረ ገጽ የሠራችልኝ ጫልቱ ናት። ሥራዋን የምታውቅ፣ ምላሷም የማያርፍ ሴት ናት። ገና ስንጀምር ፎቶዎችህ ብዙ ሜጋባይት ይይዛሉ፣ አሳንሰህና አቅልለህ ስጠኝ፣ አለዚያ ሰው ስልክ ላይ አይከፈቱም ብላኝ ነበር። እኔ ግን በሬ አርደህ ለእንግዳ አጥንቱን አቅርብ የተባልኩ ያህል ተቆጣሁ። ቢዘገይስ? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አልኳት። እንቁላልህ በእግሩ እስኪሄድ ደንበኛህ በባጃጅ ሄዷል አለችኝ። ገንዘቡም ፎቶውም የእኔ ነውና ሁሉም ከነክብደቱ ተጫነ። ስቱዲዮዬ ውስጥ ባለው ዋይፋይ ስከፍተው እኮ ምንም አይልም ነበር!

ከዚያ ሀዊ መጣች። ሀዊ እዚሁ አዳማ ፋርማሲ የምትሠራ ልጅ ናት። ሠርጓ ግን ትንሿ የገጠር ከተማ ቡልቡላ ነው፤ የከተማችን ፎቶ አንሺ ሁሉ የተመኘው፣ አገር የሚጠራበት ሠርግ። ሥራዬን አይታ ወደደችው። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንደ አባት ያሳደጓት አጎቷ፣ የቡልቡላው እህል ነጋዴ ኦቦ ገመዳ፣ ይሁን ማለት አለባቸው። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ ሊንኩን ላኪላቸውና አይተው ይፍረዱ አልኳት። እንዲህ ደረት የሚነፋ ሰው ምናለ ኔትወርክ የሚባለውን ነገር ቢያስታውስ?

በማግስቱ ሀዊ ደወለች። ድምጿ የሐዘንተኛ ነው። አጎቴ እምቢ ብለዋል፣ ፎቶ አንሺው ሽማግሌ አያከብርም ብለዋል አለችኝ። እኔ? ሽማግሌ እስኪቀመጥ ካሜራ የማላነሳው፣ ወንበሩን በገዛ ሻርፔ የምጠርገው እኔ? ሥራው ቢቀር ይቅር፤ ስድ ተብሎ መቅረት ግን አንጀቴን አቃጠለው። ስልካቸውን ተቀብዬ ደወልኩ።

ኦቦ ገመዳ «አካም ጅርታ» ብለው ጀምረው ስለ ጤናዬ፣ ስለ ቤተሰቤ፣ ስለ አዳማ ሙቀት ጠየቁኝ። ሰው ተቆጣ ተብሎ ሰላምታ አይዘለልማ! ከዚያ ነገሩን አፈረጡት። ልጄ፣ ሀዊ የላከችልኝ ላይ ያለውን ያንን የሠርግ ቤተሰብ ፎቶህን ከፈትኩት አሉ። መጀመሪያ ሰማይ መጣ፤ ጥሩ ሰማይ ነው። ቀጥሎ የግራር ጫፍ መጣ። ቀጥሎ ጎረምሶች ከነመነጽራቸው እስከ ደረታቸው መጡ። ከዚያ ቆመ። ሽማግሌዎቹ የታሉ? ጠበቅኩ፤ ጎረቤት ጠርቼ አብረን ጠበቅን፤ የሉም። ታላላቆቹን ትቶ ሰማይና ጎረምሳ የሚያነሳ ሰው እኔ ሠርግ ላይ ምን ይሠራል?

ያን ጊዜ ገባኝ። የቤተሰብ ፎቶ ሥርዓት አለው፤ ሽማግሌ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ወጣት ከኋላ ይቆማል። ስለዚህ የሽማግሌ ቦታው ከፎቶው ታች ነው። የእኔ ከባድ ፎቶ ደግሞ በቡልቡላ ኔትወርክ ከላይ ወደ ታች እየተንፏቀቀ ሲወርድ፣ ታላላቆቹ ጋ ሳይደርስ ደክሞት ይቀራል። ኦቦ፣ ሽማግሌዎቹ አሉ፣ መንገድ ላይ ናቸው አልኳቸው። ታዲያ ወጣቶቹን ማን አስቀደማቸው? አሉኝ። እስከ ነገ ብቻ ይታገሱኝ ብዬ ተማጸንኩ።

ጫልቱ ዘንድ አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ። መጀመሪያ እስኪበቃት ሳቀች፤ ከዚያ ሥራ ጀመርን። ለስልክ የሚበቃውን ስፋት ብቻ አስቀርተን፣ ዓይን የማይለየውን ትርፍ አራገፍን። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አድርጋ የትኛው ነው ከባዱ አለችኝ። በሙሉ ልብ ጠቆምኩ፤ ተሳሳትኩ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ዕለት ከድሮው የበለጠ ኮራሁ። ከባድ ፎቶማ ውድ ካሜራ የገዛ ሁሉ ያነሳል፤ መልኩን ሳያጡ ማቅለል ግን እጅ ይጠይቃል። ኦቦ ገመዳም መልሰው ቢከፍቱት ሽማግሌዎቹ ከነከዘራቸው ዱብ አሉላቸው። ሠርጉ የእኔ ሆነ።

የሠርጉ ዕለት ወንበር ደርድሬ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ ኦቦ ገመዳን እንዲቀመጡ ጋበዝኳቸው። አልቀመጥም አሉ። ታች ከተቀመጥን እንደዚያኞቹ ምስኪኖች መንገድ ላይ ልንቀር ነው አሉ። ኦቦ፣ ያ አልፏል፣ አሁን ፎቶዬ ቀላል ነው አልኳቸው። ፎቶህን አምናለሁ፣ ኔትወርኩን ግን አላምንም አሉና የአገሩን ሽማግሌ ሁሉ ከኋላ አግዳሚ ላይ አቆሙት። ጎረምሶቹን ፊት ለፊት ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። እነዚያ ሽማግሌዎች እዚያ ላይ ሆነው የነበራቸው ግርማ! በሕይወቴ ካነሳሁት ሁሉ የምኮራበት ፎቶ እሱ ነው፤ ድረ ገጼ መግቢያ ላይም ሰቀልኩት።

ሰሞኑን ደግሞ አንዲት የሁሩታ ሙሽራ መጥታ ሥራዬን ወደደችውና ሊንኩን ለአባቷ ላከች። ያ የመግቢያው ፎቶ ዓይናቸውን ጨፍነው እስኪገልጡ ከላይ እስከ ታች ሙሉውን ተከፈተላቸው። በማግስቱ ልጅቷ በሐዘን ድምፅ ደወለች፤ አባቴ እምቢ ብለዋል፣ ጎረምሳ አስቀምጦ ሽማግሌ የሚያቆም ስድ ፎቶ አንሺ ቤቴ አይገባም ብለዋል።