ልደታ የሌለችበት ካርታ

መጀመሪያ ይቅርታ። የእጅ ጽሑፌ ዶሮ የጫረው መሬት ይመስላል። ፊደልም እገድፋለሁ። ሀሌታው ሀ የት እንደሚገባ፣ ሐመሩ ሐ የት እንደሚገባ እስካሁን አልለየልኝም። መምህሩ ሲያስተምሩ "አልገባኝም" ማለት አፍሬ፣ እንዳልገባኝ ስምንተኛ ክፍልን ጨረስኩ። ስለዚህ የተሳሳተ ፊደል ካገኛችሁ ከምስር ውስጥ ጠጠር እንደምትለቅሙ ለቅማችሁ ጣሉትና ማንበባችሁን ቀጥሉ።

ዓይን አፋር ነኝ። ዓይን አፋር ስላችሁ ትንሽ ትንሽ የምሽኮረመም እንዳይመስላችሁ። አንድ ቀን ጨው ልገዛ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ጀርባውን ሰጥቶ ዕቃ ይደረድራል። እስኪዞር ድረስ ከስኳሩ ጆንያ አጠገብ ቆሜ ጠበቅሁ። ሰውየው ሳያየኝ በጓዳው በር ወጣ፣ የፊቱን በር ከውጭ ቆለፈና ምሳውን ሊበላ ሄደ። "አለሁ" ማለት አቃተኝ። ጥርሱን እየጎረጎረ ሲመለስ እዚያው ቆሜ አገኘኝ። በስመ አብ ብሎ አማተበ። "ግማሽ ኪሎ ጨው" አልኩት። ሌላስ? ባጃጅ ላይ "ወራጅ አለ" ማለት አፍሬ ከቤታችን አልፌ፣ ሌላ ሰው የወረደበት ወርጄ፣ በእግሬ የተመለስኩበት ቀን ስንት ነው! አሁን ተግባባን መሰለኝ። እንዲህ ያለች ልጅ በአፏ የማትናገረውን በወረቀት ብትሞክረው አይፈረድባትም።

ወደ ነገሬ ልግባ። እኔ የአዲስ አበባን የከተማ ባቡር ካርታ እሰበስባለሁ። አዎ፣ መንዝ፣ ሞላሌ ተቀምጬ። እዚህ ሐዲድ የለም። በደጃችን የሚያልፈው በግ ነው፣ ጉም ነው፣ ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው አውቶቡስ ነው። እናቴ "መንገዱን እያጠናች ነው፤ ልትጠፋብኝ ነው" ብላ ለንስሐ አባታችን ነገረች። እሳቸውም ሊመክሩኝ መጡ። ካርታዎቹን ዘርግቼ ሳሳያቸው ግን ምክሩ ጠፋባቸው። ሚካኤል ጣቢያ አለው፣ ዑራኤል አለው፣ እስጢፋኖስም አለው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና ፈለጉ። "ገብርኤልን ምነው ዘለሉት?" ብለው አዝነው ሄዱ።

እኔ ግን የትም ልጠፋ አይደለም። የምሰበስበው አባቴን ከመሳቂያነት ለማውጣት ነው።

አባቴ ባና ሠሪ ናቸው። የበግ ፀጉር ተፈትሎ ሲመጣላቸው ብርድ የማይበሳው ባና አድርገው ይሸምኑታል። ዓይናቸውን ሞራ ሲይዘው ድሩን በጣታቸው እየዳበሱ መሥራት ጀመሩ። በኋላ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ተሰጣቸው። "ማንበብ የምትችዪው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ትመሪኛለሽ" አሉኝ። ሄድን። መገናኛ ላይ ባቡር ተሳፈርን። መውረጃችን ልደታ ነው ተብለናል። ባቡሩ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከበሩ በላይ ካርታ ተለጥፏል። እኔ አንጋጥጬ ካርታውን አያለሁ፣ አባቴ ትከሻዬን ይዘው "ደረስን?" ይሉኛል። ሰው ሁሉ ሲወርድ እኛም ወረድን። ጦር ኃይሎች ነው፤ የመጨረሻው ጣቢያ። ልደታ ካለፈች ቆይታለች።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ተራችን አልፎ "ነገ ኑ" ተባልን። አባቴ ግንብ ተደግፈው ቆሙና "ልጄ፣ ምን ነካሽ?" አሉኝ።

"አባዬ፣ ካርታው ላይ ልደታ የለችም" አልኳቸው።

አባቴ ቃሌን እንዳለ ተቀበሉ። ችግሩ የመጣውም ከዚያ ነው። በማግስቱ ሄደን ታከሙ፣ ዓይናቸው በራ፣ ሞላሌ ተመለስን። የወሩ ማኅበር ላይ ጠላቸውን ይዘው ብድግ አሉ። የአዲስ አበባ ሰው ልደታን የምታህል ጣቢያ ረስቶ ካርታ አተመ፣ ስህተቱን ያገኘችው የእኔ ልጅ ናት ብለው ለማኅበርተኛው አወጁ። እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ። ግድግዳው ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከማኅበርተኛው አንዱ የአውቶቡሱ ሹፌር ጋሽ ሞገስ ናቸው። የጠጡት ጠላ በአፍንጫቸው እስኪመለስ ሳቁ። ልደታ ከካርታ ከጠፋች መንጃ ፈቃዴን እመልሳለሁ አሉ። አባቴም "ልጄ አትዋሽም!" ብለው ፎከሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ሞገስ በደጃችን ሲያልፉ ፍሬን ይይዛሉ፣ ሁለት ጊዜ ጥሩንባ ይነፋሉ፣ በመስኮት ብቅ ብለው አባቴን ይጣራሉ።

"ታዴ! ልደታ ተገኘች ወይ?"

ተሳፋሪው ይስቃል። አንድ ወር ሳይሞላ አገር ሁሉ አባቴን "አባ ልደታ" ብሎ መጥራት ጀመረ። ገበያ ላይ "አባ ልደታ፣ ይቺን ባና ዘርጓት እስቲ" ይሏቸዋል። መጀመሪያ አብረው ይስቁ ነበር። ከዚያ አንድ የገበያ ቀን ባናቸውን ተሸክመው በፊት ለፊቱ በር ሳይሆን በጓሮ በኩል፣ አጥሩን ተሻግረው ሲወጡ አየኋቸው። ያን ዕለት ቆረጥኩ። ልደታ የሌለችበትን ካርታ አገኛለሁ። የትም ይሁን፣ አገኘዋለሁ!

እንዴት ይገኛል አትሉም? አንዱን ባቡር የተለያየ ሰው በተለያየ ጊዜ ስሎታል። ስዕሉ ሁሉ አንድ አይደለም። ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው ጋሽ ሞገስ ናቸው። ሊያሾፉብኝ "እንኪ፣ ልደታሽ ይቺውልሽ!" ብለው በመስኮት አንድ ወረቀት ወረወሩልኝ። የመጀመሪያው ካርታዬ እሱ ነው፤ አረንጓዴና ሰማያዊ መስመር ያለው፣ ልስልስ ያለ ወረቀት። ሁለተኛውን የደብተር ጀርባ ላይ አገኘሁ። እዚያ ላይ ቀለሞቹ ተቀያይረዋል፤ አረንጓዴው ሰማያዊ፣ ሰማያዊው አረንጓዴ ሆኗል። ሦስተኛው ገና ያልተሠራ መንገድ በነጠብጣብ ተስሎበታል፤ እሱንም ጋሽ ሞገስ ናቸው ያመጡት፣ ሹፈቱ ስለጣማቸው። አራተኛው አብሽ የተጠቀለለበት ነበር። ግማሹን ቅባት በልቶታል። ቢሆንም ልደታ አልተነካችም። እኔም የምናደደው በዚህ ነው! ቀለም ይቀያየራል፣ ስም ያጥራል ይረዝማል፣ መስመር ይጣመማል፣ ልደታ ግን በሁሉም አለች። አባቴ በበራ ዓይናቸው እያንዳንዱን አዩ። እኔም በእያንዳንዱ "ያን ቀን ያየሁት ይሄኛው አይደለም" አልኩ። "እንግዲያው ፈልጊ" ይሉኛል።

አምስተኛውን ያገኘሁት ሳልፈልገው ነው። ጎረቤታችን እማማ ዘነቡ ቤታቸውን ከጣራ እስከ ወለል በወረቀት ለጥፈውታል። ጋዜጣ አለ፣ ማስታወቂያ አለ፣ የድሮ የቀን መቁጠሪያ አለ። ወንፊት ልመልስ ገብቼ ጥግ ይዤ ስቆም፣ ከሳሙና ማስታወቂያ አጠገብ አረንጓዴና ሰማያዊ መስመር አየሁ። ተጠጋሁ። ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድ... ከዚያ መስመሩ ብቻውን ይቀጥላል። ልደታ የለችም!

እማማ ዘነቡ ለፋሲካ ግድግዳውን ሊያድሱ ነው። በላዩ ላይ ሌላ ወረቀት ሊለጥፉበት ነው። እኔ ደግሞ "ስጡኝ" ለማለት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሁለት ቀን ገብቼ ውሃ ጠጥቼ ወጣሁ። በሦስተኛው በጣቴ አመለከትኩ።

"ይሄንን?" አሉ። "ይሄማ የትልቅ ሰው የዘር ቆጠራ ነው፤ እንዴት አድርጌ እሰጥሻለሁ?"

የባቡር ካርታ ነው ልላቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። መንዝ ውስጥ ዘሩን ከሰባት ቤት በላይ የማይቆጥር ሽማግሌ የለም፤ ለርስት ሲሟገቱ የኖሩ ናቸው። እማማ ዘነቡ ጣታቸውን በመስመሮቹ ላይ እየነዱ ያስረዱኝ ጀመር። "እይው፣ ሁለት ቤት ናቸው። አንዱ ከዚህ ወረደ፣ አንዱ ከዚህ ወረደ። እዚህ ላይ ተጋቡ። እነዚህን ወለዱ። ከዚያ ደግሞ እዚህ ጋ ተለያዩ። በመሬት ሳይጣሉ አልቀሩም። ባለቤቱ መጥቶ ዘሬን አምጪ ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?"

እውነቴን ነው፣ ከእሳቸው በኋላ ካርታውን እንደ ባቡር መንገድ ማየት አቅቶኛል።

በመጨረሻ ተስማማን። አንድ ባና የሚወጣው ፀጉር ፈትዬ እሰጣቸዋለሁ፣ እሳቸው ለባለቤቱ ራሳቸው መልስ ይሰጣሉ። አንድ ባና ስንት እንዝርት እንደሚፈጅ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የማታውቁ ጣቴን ብታዩት ይገባችሁ ነበር። ዐቢይ ጾም ገብቶ እኩሌታው እስኪደርስ ፈተልኩ። እማማ ዘነቡ አንዳንዴ የፈተልኩትን ድውር ያነሱና "ይሄ ወፍራም ነው፤ ለዘር ቆጠራ የሚመጥን አይደለም" ብለው ያስፈቱኛል። ፈትቼ እደግማለሁ። አንድ ቀንም አላማረርኩም። እጄ ሲደክም የጓሮውን አጥር አስባለሁ።

ካርታው የሚላጥበት ቀን ለብ ባለ ውሃ ጨርቅ ነክሬ ግድግዳው ላይ ያዝኩ። የዱቄቱ ሙጫ ሲለሰልስ ካርታው በቢላ ጀርባ ቀስ እያለ ተነሳ። የሳሙናው ማስታወቂያ ጠርዝም አብሮት መጣ። ሲለጠፍ አውራ ጣት በምታህል ስፋት ካርታው ላይ ተደርቦ ኖሯል። ጠርዙ አረንጓዴ ስለሆነ የባቡሩ መስመር መስሎኝ ነበር። በጥፍሬ ገለጥ አደረግሁት። ከሥሩ፣ ጭስ ያልነካት፣ እንደ ዛሬ የታተመች ልደታ ቁጭ ብላለች።

እማማ ዘነቡ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር። ጠርዙን መለስኩና በምራቄ አጣበቅሁት። ፍረዱብኝ።

ካርታውን ሰፌድ ላይ አድርጌ አደረቅሁትና ለአባቴ ሰጠሁ። በር ላይ ወጥተው በፀሐይ አዩት። ከዚያ ዓይናቸው ብቻ አልበቃቸውም፣ በጣታቸው ሄዱበት። የሸማኔ ጣት ነው፤ በጨለማ ድር ሲቆጥር የኖረ። ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድ። ተደርቦ ያበጠው ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ ተመለሰ። ቀና ብለው አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

"እውነትም ልደታ የለችም" አሉ። ሰፌዱን አንስተው በፊት ለፊቱ በር ወጡ።

አውቶቡሱ መጣ። ጥሩንባው ሁለት ጊዜ ተነፋ። "ታዴ! ልደታ ተገኘች ወይ?"

"አልተገኘችም! ና ውረድና ፈልጋት!" አሏቸው አባቴ።

ጋሽ ሞገስ ወረዱ። ተሳፋሪው በመስኮት ተንጠለጠለ። አባቴ ሰፌዱን እንደያዙ ናቸው፤ ወረቀቱን አላስነኩም። ጋሽ ሞገስ ራቅ ብለው አዩ፣ ቀረብ ብለው አዩ። "ሜክሲኮ... ተግባረ ዕድ..." አሉና ቆሙ። እንደገና ከስታዲየም ጀመሩ። እንደገና ቆሙ።

"ኧረ እንሂድ፣ መሸብን!" አለ አንዱ ከውስጥ።

"ቆይ እንጂ፣ ልደታ ጠፍታ እየተፈለገች!" አለች አንዲት ሴት።

ጋሽ ሞገስ ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። "ታዴ፣ ለካ እንዲህም አድርገው ያትማሉ! ይቅር በለኝ" አሉ። አባቴም "መንጃ ፈቃድህን ግን አትመልስ፤ ማን ያደርሰናል?" አሏቸው። አሁን በደጃችን ሲያልፉ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለስለስ አድርገው ይነፋሉ። "አባ ልደታ" የሚለው ስም ግን አልቀረም። አባቴ ደግሞ ወደውታል። ጥሪውን ሰምተው በፊት ለፊቱ በር ይወጣሉ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ግን አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ለእናቴም፣ ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩትም።

ያን ቀን፣ ከባቡሩ በር በላይ በተለጠፈው ካርታ ላይ፣ ልደታ ነበረች። አይቻታለሁ። ከመገናኛ ጀምሮ ጣቢያ ስቆጥር ነበር የመጣሁት። ሜክሲኮን ስናልፍ "ወራጅ አለ" ለማለት ተዘጋጀሁ። ካልተናገሩት ይቆማል ብዬ አላሰብኩም፤ በየጣቢያው ሲቆምም ሌላ ሰው ተናግሮ መስሎኝ ነበር። ያ ሁሉ የአዲስ አበባ ሰው ዞሮ ሲያየኝ ታየኝ። ሾፌሩስ ከዚያ ሩቅ እንዴት ይሰማኛል? ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ባቡሩ ማንም ሳይጠራው ቆመ። በሩ በራሱ ተከፈተ። ልደታ የሚል ትልቅ ጽሑፍ አፍንጫዬ ሥር ነበር። እኔ አሁንም ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። በሩ ተዘጋ።

ድምፄ ያኔ ወጣልኝ። "ወራጅ አለ" አልኩ፤ ቀስ ብዬ።

አባቴ ጎንበስ ብለው "ምን አልሽ ልጄ?" አሉኝ።

"ምንም" አልኳቸው።