በህሊና ጸሎቱ አብረው የቆሙት «ሟች»

ዛሬ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ማይክ ይዤ፣ አንድ ሰውዬ ገደልኩ!

ቆይ፣ ፖሊስ አትጥሩ። ልናዘዝ።

ኮልፌ ባለችው ትንሿ የሰፈር ታሪክ ሙዚየም ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ አገለግላለሁ። ዛሬ ስለ ጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት አዲስ ኤግዚቢሽን ከፈትን። ንግግር አድራጊዋ እኔ! ኃላፊያችን ወይዘሮ አልማዝ «ዛሬ ካበላሸሽ ሁለተኛ ማይክ አትነኪም» ብለውኛል።

ከዕቃዎቹ ሁሉ የምወደው የአንድ አውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ቆብና የቆዳ ቦርሳ ነው። ባለፈው ሳምንት ያመጣችው ልጃቸው ናት። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ «የአባቴ ናቸው» አለችኝ።

«እግዜር ያጽናሽ» አልኳት።

«አሜን» አለች።

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

ዛሬ መድረክ ላይ የቆቡን ባለቤት አቶ ደምሴን አወደስኳቸው። «መንገደኛ ጥለው የማያልፉ ደግ ሰው ነበሩ!» ግማሹን የፈጠርኩት ራሴ ነኝ። ከዚያ «እስቲ በአንድ ደቂቃ የህሊና ጸሎት እናስባቸው» አልኩ።

አዳራሹ በሙሉ ተነሳ። ከፊት ወንበር አንድ ሽማግሌም ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። አጠገባቸው ያቺ ልጅ ዓይኗን አፍጥጣብኛለች። ሐዘን መስሎኝ!

ደቂቃው አለቀ።

«የኔ ልጅ፣ ጸሎት አይቋረጥም ብዬ ነው የጠበቅኩሽ። ደምሴ እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!

ለካ ልጅቷ የሞቱባት አማቷ ናቸው! «በአባቴ ላይ ታሟርቻለሽ?» ብላ ቆቡንና ቦርሳውን ልትወስድ ተነሳች። ወይዘሮ አልማዝን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል አቶ ደምሴ ያዙኝ።

«ተያት» አሏት ልጃቸውን። «ሰው ሲያመሰግነኝ በጆሮዬ ሰምቼ አላውቅም። ግን ውሸት ነው። አንዲት እናት ቲኬት የለሽም ብዬ ዝናብ ላይ አውርጃለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።»

ከዚያ ማይኩን ተቀብለውኝ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ። ሰው እየሳቀ እንባውን ይጠርጋል። ልጅቷም ሳቀች። ያኔ ነው ትንፋሼ የተመለሰው።

ወይዘሮ አልማዝ እዚያው ወሰኑ፦ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ አስጎብኚው አቶ ደምሴ፣ ወንበርና ውሃ አቅራቢዋ እኔ። አልተባረርኩም! ተመስገን!

ግን ንገሩኝ እስቲ፣ ሰው ገድሎ የሟቹ ረዳት ሆኖ የተመደበ ከእኔ ሌላ አለ?