ጎረቤቴ ዌብሳይቱን ያስመረቀ ዕለት

አንዳንድ ሰው ሳያስመርቅ አዲስ ጫማ እንኳ አያጠልቅም። አላጋጠማችሁም? እንግዲያው የጎፋውን ጎረቤቴን መኮንንን ላስተዋውቃችሁ።

መኮንን ስለ ጓሮው ጽጌረዳዎች የሚያወራ ዌብሳይት አለው። ገጹን ያስቀመጠበት የውጭ ኩባንያ በየጊዜው ሲያጠፋበት ተማረረና ወደ ሌላ ኩባንያ አዛወረው። ታዲያ ዝም ብሎ ይግባ? «አዲስ ቤት ሳይመረቅማ አይሆንም!» ብሎ ሰፈሩን ጠራ።

ኮምፒውተሩ ፊት ተኮለኮልን። ኢንተርኔቱ የሚመጣበት የስልክ መስመር አጓራ፣ ጮኸ። ገጹ ሊከፈት ሲል ሚስቱ እህቷን ለመጥራት መኝታ ቤት ያለውን ስልክ አነሳች፤ ተቋረጠ! መኮንን ግንባሩን ያዘ።

በስንት ጣር ተከፈተ። ከጽጌረዳው ፎቶ ሥር «የጎበኙን እንግዶች ብዛት፦ አንድ» ይላል።

«ማነው የቀደመን?» አሉ የሰፈራችን ሽማግሌ ኦቦ ገመቹ።

«እኛው ነን፣ ኦቦ» አለ መኮንን።

ደስ አላቸው። «የሞቀ የደመቀ ቤት ያድርግልህ! እንግዳ አይጥፋበት!» ሲሉ ሁላችንም አሜን አልን። ከዚያ ያመጡትን ድፎ ዳቦ ኮምፒውተሩ አናት ላይ አስቀመጡ፤ አዲስ ቤት በባዶ እጅ ይገባል እንዴ?

ሳቄን ዋጥኩ። በማግስቱ ግን መኮንንን መንገድ ላይ አስቁሜ ስለ እንግዶቹ የጠየቅሁት እኔው ነኝ።

«ሁለት ሆነ! ሁለተኛውን ጭራሽ አላውቀውም» አለኝ ፊቱ ፈክቶ። «የቆጨኝ፣ ዳቦ ሳይቀምስ መሄዱ ነው።»