ተውሲዓ መጣ የተባለ ጊዜ

የሚወደው ነገር ሲቀነስበት የማይከፋው ሰው የለም፤ ይኼ የታወቀ ነው። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ሲጨመርለትም የሚከፋው መሆኑ ነው። የለመደው ሻይ ቤት ሁለት ወንበር ቢጨምር «ኧረ ድሮ ቀረ!» ይላል። የሚሳፈርበት አውቶቡስ ሞተሩ ተቀይሮ መንገድ ላይ መቆሙን ቢተው፣ «ያኔ ቆሞ ሲጠገን ስንት ወሬ እናወራ ነበር» ብሎ ይቆዝማል። በዚያው አፉ ደግሞ «ምነው አዲስ ነገር አያመጡም?» ብሎ ይጠይቃል። እናንተም እንዲህ ናችሁ፤ አትካዱ። እኔም እንዲህ ባልሆን ኖሮ ዛሬ የማወጋችሁ አይኖረኝም ነበር።

ነገሩ የሆነው ካርቱም ነው፤ ሞባይል ገና የሀብታም ጌጥ በነበረበት ዘመን። ከወሎ ወጥቼ ቡሪ ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ በሠራተኝነት ስኖር ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ «ያ ዘሀራ!» ሲሉኝ «ሐድር!» እላለሁ፤ እሺ ማለት ነው። ሸሚዝ ተኩሺ፣ ሐድር። በረንዳውን እጠቢ፣ ሐድር። ያጠብሽው በረንዳ አቧራ ነፈሰበት፣ እንደገና እጠቢ፣ ሐድር። ጁምዓ ግን የራሴ ናት። ጁምዓ ከሶላት በኋላ ልብሴን ቀይሬ፣ ዴም ሰፈር ወርጄ እትዬ ከድጃ ቤት ስገባ፣ ስልሳ ሠራተኛ የማዝ እመቤት ነኝ።

አትሳቁ፤ ስልሳ ነው ያልኩት።

እትዬ ከድጃ ያገሬ ሰው ናቸው። እኔ ሳልወለድ ካርቱም ገብተው፣ ሱዳናዊ አግብተው፣ ባላቸው ሲሞቱ መንገድ ዳር ያለችውን ቤት ወርሰው የሚኖሩ ጠንካራ ሴት። ወደ መንገዱ የምትከፈተውን ክፍል ልጃቸው ሀቲም አራት ኮምፒውተርና አንድ ስልክ አስገብቶ ይሠራባታል። ሀቲም ሠላሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው ጎልማሳ ነው። እናቱ በአማርኛ ይቆጡታል፣ እሱ በዓረብኛ ይቅርታ ይጠይቃል። አማርኛ አይችልም አይባልም፤ ግን አማርኛው ነዳጅ እንዳለቀበት መኪና መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ይላል፤ ያኔ በዓረብኛ ገፋ አድርጎ ያስነሣዋል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚሁ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ኮምቦልቻ ላለች እህቴ ልደውል ነበር። መስመሩ አልገኝ ብሎ ቁጭ ስል፣ ሀቲም ፊት ባለው ኮምፒውተር ላይ ጥቃቅን ሰዎች ዛፍ ይቆርጣሉ፣ ድንጋይ ይፈልጣሉ፣ ጎተራ ያቆማሉ።

«እነዚህን ማነው የሚያዛቸው?» አልኩት።

«እኔ።»

«እምቢ አይሉህም?»

«ሠራተኛ እኮ ናቸው» አለኝ።

አፌ ላይ የመጣውን ዋጥ አድርጌ «እስቲ ተነሥ፣ እኔ ልዘዛቸው!» አልኩት። የዚያን ቀን እህቴን ረስቻት ቡሪ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲያ ጁምዓ በመጣ ቁጥር ቦታዬ የታወቀ ሆነ።

ጨዋታውን «ቀልዓ» ነበር የምንለው፤ ምሽግ ማለት ነው። እውነተኛ ስሙ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሀቲም ራሱ በሦስት ዓይነት ነበር የሚጠራው። እንጨትና ድንጋይ ትሰበስባላችሁ፣ ምሽግ ትሠራላችሁ፣ ጦር ታዘጋጃላችሁ፤ ከዚያ የጎረቤታችሁን ምሽግ ትይዛላችሁ፣ ወይም እሱ ይቀድማችኋል። አንደኛውን ቀልዓ ጠግበን፣ ሁለተኛውን ጨርሰን፣ ሦስተኛው ላይ ነበርን። ሦስተኛችን ደግሞ ኑርዬ የሚባል የረክሻ ሹፌር ነው፤ ረክሻ ማለት እኛ ባጃጅ የምንላት ናት። በር ላይ ያቆማትና ገብቶ ግንብ ይሠራል። ግንብ ብቻ! ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ላይ ዘምቶ አያውቅም። ግንቡን በግንብ ያጥራል፣ ያንን ደግሞ በሌላ ግንብ ያጥራል፣ ሠራዊቱ መተላለፊያ አጥቶ ሲተራመስ እሱ እጁን አጣጥፎ «ማን ይነካኛል?» ይላል። እውነቱን ነው፤ ማንም አይነካውም።

አንድ ጁምዓ ስደርስ ሀቲም እግሩ መሬት አይነካም። ኢንተርኔት ላይ አንብቧል፤ ለሦስተኛው ቀልዓ ማስፋፊያ ሊወጣለት ነው! አዲስ አገር፣ አዲስ ጦር፣ ባሕር ከነመርከቡ! እኔማ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ኑርዬ ግን ወደ ግንቡ ዞር ብሎ አየ።

«ባሕር ላይ ግንብ ይሠራል?» ብሎ ጠየቀ።

«አይሠራም።»

«እና በባሕር ቢመጡብኝስ?»

«ይይዙሃላ!»

ኑርዬ ፊቱ አመድ መሰለ። ሁለት ዓመት የለፋበት ግንብ በአንድ ቃል ዋጋ አጣ። እኔም ስቄበት ሳልጨርስ ተራዬ ደረሰ። ሠራተኞቹ ከእንግዲህ አንዱን ሥራ ሲጨርሱ ሌላውን ራሳቸው ፈልገው ይሠራሉ አለ ሀቲም። «ሳይታዘዙ?» ብዬ ብጠይቀው «ሳይታዘዙ» አለኝ። «ታዲያ እኔ ጁምዓ ጁምዓ ምን ልሠራ ነው የምመጣው?» ብዬ ጮህኩ፤ ከልቤ ነው የተናደድኩት። ሀቲም ደግሞ የባሰውን ለመጨረሻ አስቀምጦት ነበር። ጨዋታውን የሚሠራው ድርጅት ሊሸጥ ነው ተብሏል፤ ከተሸጠ አራተኛ ቀልዓ የለም። እንግዲህ ይኼ ማስፋፊያ ልደትም ስንብትም ሊሆን ነው። ሦስታችንም ገና ያላየነውን ነገር ባንድ ላይ ናፈቅነውም፣ አለቀስንለትም።

አሁን ቃሏን ልንገራችሁ። ሀቲም «ማስፋፊያ» የሚለው አማርኛ አልመጣለት ብሎ «ተውሲዓ» ነበር የሚለው። ትርጉሙ ያው ማስፋት ነው። ሌላ አገር ቢሆን ምንም አልነበረበትም። ካርቱም ውስጥ ግን ቤት ያለው ሰው «ተውሲዓ» ሲባል የሚታየው የመንገድ መስፋት ነው፤ መንገድ ደግሞ ወደ ሰማይ አይሰፋም፣ የሚሰፋው ወደ ሰው ግድግዳ ነው። ሀቲም ያን ቀን በደስታ ሰክሮ፣ ድምፁን ለቆ፣ በዚያች በግማሽ አማርኛው ያለው ይኼን ነው፦

«ኸላስ፣ በቃ! ተውሲዓ መጣ! በዚህ ወር ነው። አሮጌ ግንብ ሁሉ ይሰበራል። አሮጌ ሰው ይወጣል፣ አዲስ ሰው ይገባል። ሰው ሁሉ በመርከብ ይሄዳል!»

እትዬ ከድጃ ከመጋረጃው ወዲያ ግቢ ውስጥ ልብስ ያሰጡ ነበር።

በሚቀጥለው ጁምዓ ስመጣ ኑርዬን በር ላይ ተገትሮ አገኘሁት። «ዘሀራ፣ ጉድ ሆነናል» አለኝ። ዘልቄ ባይ አራቱም ኮምፒውተሮች በብርድ ልብስ ተጠቅልለው በገመድ ታስረዋል። ሀቲም የለም፤ ከጠዋት ጀምሮ ማስፋፊያው ያለበትን ሲዲ ፍለጋ ኦምዱርማን ገበያ ይዞራል። እትዬ ከድጃ ብቻቸውን ስልኩን በፎጣ ይጠቀልላሉ።

«እትዬ፣ ምን ተገኘ?» አልኳቸው።

«ምን ይገኛል፣ አለቀ! እናንተም ሰምታችኋል። ሁሉም ሊፈርስ ነው።»

«ተሸጠ ማለት ነው?» አለ ኑርዬ።

«ኧረ የምን መሸጥ! እንዲሁ ይወስዱታል እንጂ!»

«አራተኛው እንደማይመጣ እኔ ጠርጥሬ ነበር» አለኝ ኑርዬ፣ እንባው ቅርር ብሎ።

«አራተኛ?» አሉ እትዬ ከድጃ ደረታቸውን ይዘው። «ኧረ አንዱንም አልቻልኩት!»

«ሠራተኞቹስ?» አልኩ እኔ፤ ያው የራሴ ነገር ነው የሚያንገበግበኝ።

«ሠራተኛማ ምን አለበት፣ መዶሻውን ይዞ መጥቶ ማፍረስ ነው!»

«የኔ ሠራተኞች? እነዚያ ድንጋይ ሲፈልጡ የኖሩት መልሰው ሊያፈርሱ?»

«አንቺ ደሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሠራተኛ ያለሽ?» ብለው አፈጠጡብኝ። ከዚያ ወንበር ስበው ቁጭ አሉ። «አል-ሳሃፋ ያለች ዘመዴ አንድ ክፍል ታስጠጋኛለች፣ አልሐምዱሊላህ። ይኼ ሁሉ ዕቃ ግን የት ይገባል? ሀቲምስ በምን ይበላል? ደግሞ የመርከቡን ነገር የሚነግረኝ አጣሁ። በመርከብ ወዴት ነው የሚወስዱን? እኔ መርከብ ያጥወለውለኛል!»

መርከብ ሲሉ ነው የገባኝ፤ ለካ ያን ቀን የሀቲምን ጩኸት ከመጋረጃው ወዲያ ሰምተውታል። ሳቄም ድንጋጤዬም እኩል መጡ። ምክንያቱም እትዬ ከድጃ ወሬውን ለብቻቸው ይዘው አልተቀመጡም። እሑድ ዕለት የሰፈሩ ለጅና ዘንድ፣ እንደ ቀበሌ በሉት፣ ሄደው ሊቀመንበሩን «ተውሲዓው መቼ ነው?» ብለው ጠይቀዋል። ሊቀመንበሩ የሰማው ነገር የለም። ግን ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው «አላውቅም» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? መነጽሩን አውልቆ፣ ጠርጎ፣ መልሶ አደረገና «እየተጠና ነው፣ ኢንሻአላህ በቅርቡ» አላቸው። በቃ! እትዬ ከድጃ ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለጎረቤት፤ በአራት ቀን የመንገዱ ሰው ሁሉ የቤቱን ወረቀት ከሳጥን አውጥቶ እየጨበጠ ወደ ለጅናው ይመላለስ ጀመር።

ለእትዬ ከድጃ ነገሩን ላስረዳ አፌን ስከፍት ሀቲም ላብ በላብ ሆኖ እየሮጠ ገባ። እጁን ወደ ላይ ሰቅሏል።

«ተውሲዓው ይኸው! እጄ ላይ!»

እትዬ ከድጃ ሲዲውን ተቀበሉት። አገላበጡት። መሀሉ ላይ ያለችውን ቀዳዳ በጣታቸው ነካ አደረጉ። «ይቺ ናት ቤቴን የምታፈርሰው?» አሉ።

ሀቲም በዓረብኛም በአማርኛም፣ እኔም ኑርዬም በየፊናችን ተረባርበን አስረዳናቸው። ጨዋታ ነው፣ የሚፈርሰው የጨዋታ ግንብ ነው፣ መርከቡም የጨዋታ መርከብ ነው። ሰምተው ሲያበቁ ሲዲውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ነጠላ ጫማቸውን አወለቁ። ሀቲም «ዩማ! ዩማ!» እያለ፣ እናቴ ማለቱ ነው፣ የኑርዬን ረክሻ ሦስት ጊዜ ሲዞር አየሁት፤ እሳቸውም በዚያ ዕድሜያቸው ከሁለቱ ዙር አልቀሩም። ሲደክማቸው እዚያው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «አልሐምዱሊላህ፣ ቤቴ!» አሉ ግድግዳውን ደገፍ ብለው። «በሉ ያላ፣ ፍቱት!»

ገመዱን የፈታንበትን ፍጥነት ብታዩ! ኮምፒውተሩ ሲዲውን ዋጠ፣ አቃሰተ፣ አሰበ፤ እኛ ትንፋሻችንን ይዘናል። ከዚያ ባሕሩ ተከፈተ። እንዴት ያለ ባሕር! ያ ስንፈራው የከረምነው ነገር፣ ወላሂ እላችኋለሁ፣ ከጠበቅነው ሁሉ በለጠ። ኑርዬ ግንቡን ሊሠራ ጀምሮ ተወው። አንድ መርከብ ሠራ፣ ሁለት ሠራ፣ ዐሥር ሠራና በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ዘመተ፤ በእኔ ላይ! ወደቤን ሲያቃጥል «ይቅርታ ዘሀራ፣ ይቅርታ ዘሀራ» ይላል፣ ማቃጠሉን ግን አያቆምም። እኔ እንኳ አልተቀየምኩትም፤ ዓይኔ ሠራተኞቼ ላይ ነበር። እንደተባለው ዛፉን ቆርጠው ሲጨርሱ ማንም ሳያዛቸው ወደሚቀጥለው ዛፍ ሄዱ። ቆም ብለው እንኳ ወዲያ ወዲህ አላዩም። እኔም ቡሪ እንደዚሁ መሆኔ ትዝ አለኝ፤ ከሁለተኛው ዓመት ወዲህ «በረንዳ እጠቢ» ከመባሌ በፊት ባልዲው እጄ ላይ ነው። ትንሽ ከፋኝ። ግን መርከቦች እየመጡብኝ ስለነበር ብዙ ልከፋ ጊዜ አላገኘሁም።

እዚህ ላይ ቢያልቅ እንዴት ጥሩ ነበር! ወር ሳይሞላ ሁለት ሰዎች ሜትርና ቀይ ቀለም ይዘው መጡ።

ነገሩን የነገረን ሜትር ያዡ ራሱ ነው። ለካ ሊቀመንበሩ የሰው ምልልስ ሲበዛበት ወደ ላይ «የመንገዳችን ተውሲዓ ለምን ዘገየ?» ብሎ ደብዳቤ ጽፏል። በላይ ያሉትም ፋይል ቢፈልጉ ፋይል የለም። እነሱም ወንበር ላይ ናቸውና «የለም» ማለት አፈሩ፤ አዲስ ፋይል ከፈቱ። ሊቀመንበሩም ከሜትሩ ኋላ ኋላ መጥቶ እትዬ ከድጃን በሁለት እጁ ጨብጦ «ጥያቄሽ መልስ አገኘ፣ ማሻአላህ!» ብሎ አመሰገናቸው።

መንገዱ ሰፋ። የእትዬ ከድጃ ግድግዳ ሁለት ርምጃ ወደ ውስጥ ገባ። ቤቱ ዳነ፣ ክፍሏ ግን ግማሽ ሆነች፤ ከአራቱ ኮምፒውተሮች ሁለቱ አልጋ ሥር ገቡ። እኛም በተራ መጫወት ለመድን። ሁለቱ ሲጫወቱ አንዱ ቆሞ ይመክራል። ከመካሪዎቹ ሁሉ የከፉት ግን እትዬ ከድጃ ናቸው። ልብስ ማስጣቱን ትተው ከኋላዬ በርጩማ ላይ ተቀምጠው «ግንቡን አጥብቂ! ወደ ውስጥ ሳቢው! መንገድ አጠገብ አትሥሪ!» እያሉ ያዋክቡኛል።

ደግሞ አንድ ጁምዓ ሀቲም ያነበበውን አንብቦ ከወንበሩ ተስፈነጠረ። ዓይኑ በርቷል። ድርጅቱ አልተሸጠም!

«ዩማ! ዘሀራ! አራተኛው ቀልዓ ሊመጣ ነው! ከነተው…»

እትዬ ከድጃ ከበርጩማቸው ዘለው አፉን በመዳፋቸው ግጥም አደረጉት። በሩን አዩ። መንገዱን ግራና ቀኝ አዩ። ከዚያ ጆሮውን ሳብ አድርገው ሹክ አሉት፦

«ለጅናው ይሰማል! በአማርኛ ተናገር!»