የእትዬ ሻሺቱ አጭር ትርጉም

ሐኪም በሚያስተምር ሆስፒታል ሁሉ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ክፍል ገብቶ የማያውቅ፣ ግን ያለ እሱ ማንም የማይመረቅ። አርባ ምንጭ ላይ እኚህ ሰው የሴቶች ክፍል የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ፤ ክብርት ፕሮፌሰር ሻሺቱ። ማዕረጉን የሰጧቸው ተማሪዎች ናቸው። እሳቸውም አልተቃወሙም።

ትርሐስ ሕክምና ልትማር ከመቀሌ ስትመጣ ከአገሬው ቋንቋ ከጋሞኛ አንዲት ቃል አታውቅም። ከደጋ ከሚወርዱት እናቶች ደግሞ ብዙዎቹ አማርኛ አይችሉም። ስለዚህ ተማሪ ሁሉ ልብ ማዳመጥ ከመማሩ በፊት ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ «እትዬ፣ አንዴ?» ማለትን ይማራል። እሳቸው መወልወያቸውን ግድግዳ ያስደግፋሉ፣ እጃቸውን በሽርጣቸው ይጠርጋሉ፣ እንደ ዳኛ ኮስተር ብለው ይቆማሉ።

ታማሚዋ አንዴ ወደ ተራራው አንዴ ወደ ሆዷ እያመለከተች ሩብ ሰዓት ታወራለች። ተማሪው እስክሪብቶ ቀስሮ ይጠብቃል።

«ሆዷን ነው» ይላሉ እትዬ ሻሺቱ።

«ይኼ ሁሉ?»

«ሌላው ለሐኪም አይሆንም።»

«ምግብ ትበላለች?» ብሎ ለጠየቀ ግን ጥያቄው በጋሞኛ ስብከት ያህል ይረዝማል፤ መሃሉ ላይ ቁጣ አለው፣ መጨረሻው ላይ ሳቅ። ለተማሪው የሚደርሰው መልስ «አዎ» ብቻ ነው። አንድ ቀን የትርሐስ የክፍል ጓደኛ ጉታ፣ «እትዬ፣ ምን ብለዋት ነው?» ቢላቸው፣ «አንተ የጠየቅከውን ነዋ! አጠያየቅህ ደረቅ ስለሆነ ትንሽ ውሃ ጨመርኩበት» አሉት። ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነበር የሚሉት። ትርሐስ እዚያ በቆየችባቸው ዓመታት ሁሉ «አንተ ዶክተር» ነበረች፤ አንድም ቀን አላረመቻቸውም።

የመጨረሻው ፈተና ደረሰ። ትርሐስ አንዴ ወድቃበታለች፤ አሁንም ከወደቀች ጓደኞቿ ጋውን ሲለብሱ እሷ ዓመቱን ልትደግም ነው። የደረሰቻት ታማሚ ጎኗን የሚወጋት፣ ትንፋሽ የሚያጥራት የጨንቻ ባልቴት ነበረች። የተሰጣት አንድ ሰዓት ነው። ባልቴቷ ብዙ አወራች፤ መሃል ላይም አለቀሰች።

«ጎኗን ነው» አሉ እትዬ ሻሺቱ።

«እትዬ፣ ለምን አለቀሰች?»

«ሐዘን ነው። ባሏ ሞቶባታል። ለሐኪም አይሆንም።»

«ይሁን፣ ይንገሩኝ።»

«ፈተና ላይ ነህ አንተ! ሰዓትህን በለቅሶ ታባክናለህ?»

ትርሐስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይባክን። ሁሉንም፣ አንድም ሳያስቀሩ።»

እትዬ ሻሺቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ በሥራ ሰዓት ተቀምጠው አይታቸው አታውቅም። ባልቴቷን አንዴ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አወጡት። ባልየው ሸማኔ ነበር። ሲስል ከረመ፣ ከሳ፣ በኋላም ደም ተፋ። ጎረቤቱ ሲርቀው እሷ እስከ ሞተበት ቀን አብራው ተኛች። ይህንን ለማንም አልተናገረችም፤ ሰው እንዳይሸሻት።

ፈታኙ «ሳንባ ነቀርሳ ያልሽው ከምን ተነስተሽ ነው?» ሲላት የባልየውን ሳል ነገረችው። እሱም «ይህን ለእኛም አልነገረችንም» አለ፤ ምርመራውም በዚያው ቀን ታዘዘ። ከሰዓት በኋላ ውጤት ተለጠፈ። ትርሐስ አልፋለች።

ዛሬ ሌላ ከተማ ሐኪም ናት፤ ታማሚዎቿ የሚሏትን ያለ አስተርጓሚ ትሰማለች። ከዚያ ሁሉ ዘመን አጥብቆ የሚናፍቃት ግን የዚያን ዕለት ኮሪደር ነው። ልታቅፋቸው እየሮጠች ስትመጣ እትዬ ሻሺቱ ከወዲያኛው ጫፍ ጮኹባት።

«ቁም! እርጥብ ነው፣ እንዳትረግጥ!»

ቆመች። ጠያቂውም ሐኪሙም ዘወትር ሳይደርቅ የሚረግጡትን ወለል ቆማ ጠበቀችው። በአርባ ምንጭ ሙቀት ወለል ለመድረቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ደረቀ። እግሯን ልታነሳ ስትል እትዬ ሻሺቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው የደረቀውን እንደ አዲስ መወልወል ጀመሩ። መሃል መሃሉን የሽርጣቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ይወስዳሉ።

ትርሐስ ገባት። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች፤ ግድግዳውን ተደግፋ ደግሞ እስኪደርቅ ጠበቀች።